በኮልፌ ቀራንዮ መኖሪያ ቤቶች የቪፒኤን መስመር መቋረጥና የምክንያቱ ምርመራ (ከ2004 እስከ 2015 ዓ.ም.)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በመኖሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቪፒኤን የተባለው መስመር አልገናኝ ባለ ጊዜ ሰዎች ምክንያቱን እንዴት ሲፈልጉ እንደቆዩ ከታሪክ አንጻር መመርመር ነው። ነገሩ ለታሪክ ተማሪ የሚገባ አይመስል ይሆናል። ጥገና የባለሙያ እንጂ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም ያሉን ጓደኞችም አልታጡም። እኛ ግን አንድ የተበላሸ ነገር በፊታችን ሲቀመጥ «ማን አደረገው? መቼ? ይህንስ በምን እናውቃለን?» ብሎ መጠየቅ ከታሪክ ምርመራ የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። ይልቁንም ይህን ሳንጠይቅ በመቅረታችን በአንዲት ጎረቤታችን ላይ ጉዳት አድርሰናል፤ ጽሑፉን እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ቪፒኤን የሚለው አጠራር ከእንግሊዝኛ ሦስት ፊደላት የመጣ ሲሆን፣ ፍችው በሕዝብ መረብ ላይ ተዘርግቶ እንደ ግል መረብ የሚያገለግል መስመር ማለት ነው። አሠራሩን በደብዳቤ መስለን ብናስረዳ ይቀላል። አንድ ሰው ደብዳቤውን አሽጎ፣ የታሸገውን እንደገና በሁለተኛ ፖስታ ከትቶ፣ ለአንድ ወኪል ይልካል። ደብዳቤ አመላላሹ የሚያየው የውጪውን አድራሻ ብቻ ነው። ወኪሉ የውጪውን ፖስታ ቀድዶ የውስጡን ለባለቤቱ ያደርሳል፤ መልሱንም በዚያው መንገድ ይመልሳል። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰው ሰው፣ ላኪው የሚኖረው ወኪሉ ባለበት አገር ይመስለዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

ዘዴው መጀመሪያ የታሰበው ለመሥሪያ ቤቶች ነበር። የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆነው ፒፒቲፒ የተባለውን ሥርዓት በ1996 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ ሐሳባቸው ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ ወደ መሥሪያ ቤቱ መረብ እንዲገባ ነበር። የዚህ ሥርዓት ምስጠራ ደካማ መሆኑ ብዙም ሳይቆይ በ1998 እ.ኤ.አ. ተገለጠ። ጄምስ ዮናን የተባለ ሰው በመካከለኛው እስያ ሲጓዝ በማያምናቸው መስመሮች ወደ ሥራው መግባት ግድ ስለሆነበት ኦፕንቪፒኤንን ሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. አወጣ። ከዚያ ወዲህ በጄሰን ዶነንፌልድ የተሠራው ዋየርጋርድ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ እምብርት ገብቷል። በአገራችንም ቢሆን ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኙት በዚሁ ዓይነት መስመር ነው። የመሥሪያ ቤት ዕቃ የነበረው ነገር በኮልፌና በአየር ጤና ቤቶች እንደ ምጣድና እንደ ጀበና የታወቀ ሊሆን የቻለው ግን ከሥራ ይልቅ በመዘጋት ምክንያት ነው።

የመልእክት መስመር በአገራችን ገና ሲጀመር የመንግሥት ሆኖ ነው የተጀመረው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የቴሌፎን ሽቦ፣ በ1945 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ፣ በ1989 ዓ.ም. የገባው ኢንተርኔት፣ በኅዳር 2003 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሁሉም በአንድ እጅ የቆዩ ናቸው። ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን ያነሣነው ለሙግት ሳይሆን ለምርመራው ስለሚጠቅም ነው። መስመሩ አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን አንድ ቤት «ኮኔክሽን የለም» ሲል፣ ምክንያቱ ከቤቱ ይሁን ከመስመሩ ለማነጻጸር የሚያስችል ሁለተኛ ምስክር አልነበረም። ጎረቤትም የሚጠቀመው ያንኑ መስመር ነው፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ ቃል ይናገር ነበር።

አሁን ወደ መዘጋቱ ታሪክ እንግባ። ሕዝቡ ሁሉንም በአንድ ቃል «ተዘጋ» ብሎ ይጠራው እንጂ፣ ስንመረምረው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው አግኝተናቸዋል።

የመጀመሪያው በግንቦት 2004 ዓ.ም. የታየው ነው። ያን ጊዜ ቶር የተባለው የስውር መንገድ መረብ በኢትዮጵያ መሥራት አቆመ። የመረቡ ባለቤቶች ባወጡት ምርመራ መሠረት፣ የተዘጋው አንድ አድራሻ ወይም አንድ ገጽ አልነበረም። በመስመሩ ላይ የተተከለ መሣሪያ የሚያልፉትን ፓኬቶች ወደ ውስጥ እየተመለከተ፣ የቶርን የሰላምታ አኳኋን ለይቶ ይጥለው ነበር። በደብዳቤው ምሳሌ ብንሄድ፣ አመላላሹ አድራሻውን ትቶ የፖስታውን አስተጣጠፍ አይቶ ለየው ማለት ነው። በዚያው ዓመት የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ወጣ፤ በስካይፕ መነጋገር ያስቀጣል አያስቀጣም የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት፣ የተመረጡ ገጾች ተዘግተው ሌላው ሁሉ ክፍት የሚሆንበት ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከወጣ በኋላ፣ ድጋሚው ፈተና በሐምሌ ወር ሲሰጥ ፌስቡክን የመሳሰሉት ማኅበራዊ መገናኛዎች ለጥቂት ቀናት ተዘጉ። የሰፈራችን ተማሪዎች ቪፒኤን የሚለውን ስም የተማሩት በዚያን ሰሞን ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም፤ ፕሮግራሙን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላላኩ ከፈተናው ክፍል በር እስከ ታክሲው ወረፋ ያወሩለት ነበር። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወራትም ነገሩ ተደጋገመ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች መከፈታቸው በመንግሥት ሲነገር፣ ቪፒኤናቸውን ከስልካቸው የሰረዙ ብዙዎች ነበሩ። የዚህ ዓይነት መዘጋት ጠባዩ ግልጽ ነው፤ መንገዱ ክፍት ስለሆነ ቪፒኤን ይሠራል።

ሦስተኛው መንገዱ ራሱ ሲታጠፍ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ከሁለት ሳምንት በላይም ቆየ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ፣ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ለብዙ ወራት የደረሰው መቋረጥ ከዚሁ ዓይነት ነው። በዚህ ጊዜ ቪፒኤን ምንም ሊረዳ አይችልም፤ ፖስታ ቤቱ በተዘጋበት ቀን ደብዳቤን በሁለት ፖስታ ማሸግ ትርፉ ድካም ነው። ቢሆንም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሰዎች አንዱን ቪፒኤን ትተው ሌላውን፣ ሌላውን ትተው ሦስተኛውን ሲሞክሩ አይተናል። እኛም ከእነዚያ አንዱ ነበርን፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለን ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ነገር፣ በእኛ አስተያየት፣ አንድ የአእምሮ ልማድ ነው። ቪፒኤኑ ሲያስቸግር የኮልፌ ሰው በመጀመሪያ የሚናገረው «ዘጉት» የሚለውን ቃል ነው። ልማዱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው እውነተኛ ታሪክ አለው። ነገር ግን እውነተኛ ታሪክ ያለው ጥርጣሬ፣ በያንዳንዱ ቀን ለሚደርሰው ብልሽት ማስረጃ ሆኖ ሊቆጠር አይችልም። ይህን የተማርነው በሚከተለው አጋጣሚ ነው።

በጥር 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ዙሪያ የተነሣው ውዝግብ እየከረረ ሄዶ፣ ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘጉ። ከአየር ጤና ወደ ወይራ ሰፈር በሚወስደው መንገድ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን፣ ለአንድ የውጭ አገር ድርጅት በቤታቸው ሆነው የሒሳብ መዝገብ ይይዙ ነበር። ወደ ድርጅቱ መዝገብ የሚገቡት ድርጅቱ ራሱ በሰጣቸው ቪፒኤን ነው። የደብራቸውን ወሬ በቴሌግራም መከታተል ስለፈለጉ፣ ታናሽ ወንድማቸው በዚያው ኮምፒውተር ላይ አንድ የነጻ ቪፒኤን ጫነላቸው። ቴሌግራሙ ተከፈተ፤ ቤቱም ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ መስመር አልገናኝ አለ።

እኛ ተጠራን። ኮምፒውተሩ «ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም» የሚል ቃል ያሳያል። ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ ስለ መዘጋት ስለሚያወራ፣ ሌላ ነገር ሳንመረምር «እትዬ፣ ተዘግቷል፤ እስኪከፈት ከመጠበቅ ሌላ መላ የለውም» አልናቸው። «እንዲያ ከሆነማ ምን ይደረጋል» ብለው ቡና አፈሉልን። ለድርጅቱም መንግሥት መስመሩን እንደዘጋ በኢሜይል ጻፉ። ኢሜይሉ ያለ ቪፒኤን በሰላም መሄዱ ብቻውን ሊያነቃን ይገባ ነበር፤ መንገዱ ክፍት ለመሆኑ በዓይናችን ፊት የነበረ ማስረጃ ነውና። አላስተዋልነውም።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤተል ወደሚገኙ እኅታቸው ቤት ሄደው፣ በእኅታቸው ኮምፒውተር፣ በዚያው ኩባንያ መስመር ቢሞክሩት በመጀመሪያው ሙከራ ተገናኘ። እንግዲህ መስመሩ አንድ ነው፤ ሰርቨሩ አንድ ነው፤ የይለፍ ቃሉ አንድ ነው። የተለወጠው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ይህን ሲነግሩን ያፈርነውን ያህል በፈተና ወድቀን እንኳ አናፍርም። ወዲያው ሄደን ኮምፒውተሩን ብንመረምር፣ የነጻው ቪፒኤን ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ማንም ሳያዝዘው አብሮ የሚነሣ ሆኖ ተገኘ። መላው የቤቱ ግንኙነት በሆላንድ አገር በሚገኝ ወኪል በኩል ይዞር ነበር። የድርጅቱ ባለሙያ ኋላ በጻፈው መልስ እንደገለጸው፣ ሰርቨራቸው የኒህን ሴት ስም የሚቀበለው ከኢትዮጵያ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣውን ሳይመልስለት ዝም ብሎ ይጥለዋል። በሌላ አነጋገር፣ ሴትዮዋ የቴሌግራምን በር ለማለፍ የለበሱትን ጭምብል ሳያወልቁ ወደ ሥራቸው በር ሄደው፣ መልካቸውን የሚያውቀው ዘበኛ ከለከላቸው።

(ኮልፌ በሌላ ስም የሚጓዝ ሰው ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት ሲከታተሉ፣ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተጻፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበራቸው። እርሳቸው ግን የትኛውን ስም በየትኛው በር እንደሚናገሩ ያውቁ ነበር። ወደ ነገራችን እንመለስ።)

ፕሮግራሙን ዘግተን ከመነሻው ዝርዝር ስናወጣው የድርጅቱ መስመር ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተገናኘ። ይሁን እንጂ ሥራው በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ጎረቤታችን አልተቈጡንም፤ «አንተ ምን ታደርግ፣ ዘመኑ ነው» አሉን። እኛ ግን ጥፋቱን ለዘመን ለመስጠት አልቻልንም። ዘመኑ የሠራው ጥርጣሬውን ነው፤ ሳይመረምሩ መፍረድ ግን የእኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን የሚደርሱትን ብልሽቶች በጥንቃቄ መከታተል ጀመርን። ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀን የሰዓትና የቀን ነገር ነው፤ ይህ በአገራችን የቀን አቈጣጠር ምክንያት የራሱ ጠባይ ስላለው ሰፋ አድርገን ብንገልጸው አይከፋም። የቪፒኤን ሰርቨር ማንነቱን የሚያስረዳው በሰርተፊኬት ነው፤ ሰርተፊኬቱም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል የሚል ቃል አለው። የቤቱ ኮምፒውተር ይህን ቃል የሚያመሳክረው ከራሱ ሰዓት ጋር ነው። በዓለም ባንክ አካባቢ ባየነው አንድ ቤት፣ አባትየው የኮምፒውተሩ ቀን «ተሳስቷል» ብለው በኢትዮጵያ አቈጣጠር 2015 ብለው አስተካክለውት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ይህን የሚያነበው በአውሮፓ አቈጣጠር ስለሆነ ወደ ኋላ ሰባትና ስምንት ዓመት ተመለሰ። ሰርተፊኬቱ ገና ያልተጻፈ፣ የሚጸናበት ቀን ያልደረሰ ሆኖ ታየው፤ አልቀበልም አለ። አባትየው በአገራቸው አቈጣጠር ትክክል ነበሩ፤ ኮምፒውተሩም በራሱ አቈጣጠር ትክክል ነበር። ቤተሰቡ ግን «ዘጉት» ብሎ ነበር።

ያንኑ ስሕተት መብራት መጥፋትም ያመጣዋል። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሰዓቱን የምታቆይ የአንድ ብር ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አለች። እርሷ ከሞተች፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ተሠራበት ዓመት ይመለሳል፤ ልዩነቱ እጅግ ሲበዛም ሰዓቱን ራሱ ላያርም ይችላል። በዋየርጋርድ የሚሠራ ቪፒኤን ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ስውር ነው። ሰርቨሩ ከያንዳንዱ ደንበኛ የተቀበለውን የመጨረሻ ሰላምታ ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ የቀደመ ሰዓት ያለው ሰላምታ ሲመጣ፣ አንድ ሌባ የድሮውን ደብዳቤ መልሶ እየላከ ነው ብሎ በመጠርጠር በዝምታ ይጥለዋል። የስሕተት ቃል እንኳ አይመጣም። ይህ ዝምታ ከመዘጋት ዝምታ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል፤ መድኃኒቱ ግን ከሰዓት ሻጭ የምትገኝ አንዲት ባትሪ ናት። የስድስት ሰዓቱ ልዩነትም፣ ማለትም ጧት ሦስት ሰዓት ያልነውን ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ማለቱ፣ ሰርተፊኬቱን ባይነካም በየሠላሳው ሴኮንድ የሚለዋወጠውን የአንድ ጊዜ ቁጥር ያበላሻል።

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋለን። ዊንዶውስ 691 የሚል ቁጥር ሲያሳይ ሰርቨሩ መልስ ሰጥቷል፤ የተጣለው ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ነው፤ ስለዚህ መንገድ ተዘጋ ማለት አይቻልም። 809 ሲል ግን ለአይፒሴክ የሚያስፈልጉት 500ና 4500 የተባሉት በሮች በመካከል መዘጋታቸውን ያመለክታል፤ ይህ ከቤቱ ራውተርም፣ ከኮምፒውተሩ ፋየርዎልም፣ ከመስመሩም ሊመጣ ይችላል። ኦፕንቪፒኤን በተለመደው በር በ1194 አልሄድ ሲል፣ ሰርቨሩ ከፈቀደ፣ የባንክና የኢሜይል ገጾች በሚያልፉበት በ443 በኩል መሞከር ይቻላል፤ በዚህኛው ተገናኝቶ በዚያኛው እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ መስመሩ ያጋድላል። ተገናኝቻለሁ እያለ ገጽ ግማሽ ከፍቶ የሚቆም ቪፒኤንም አለ። በስልክ ሽቦ የሚመጣው የቤት መስመር አንድ ፓኬት እስከ 1492 ባይት ብቻ ሲያሳልፍ፣ የቪፒኤኑ ሁለተኛ ፖስታ ክብደት ሲጨመርበት ትልልቁ ጥቅል አያልፍም፤ የፓኬቱን መጠን በፕሮግራሙ ውስጥ ወደ 1400 ወይም ከዚያ በታች ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

በዚህ ሁሉ የያዝነው ዘዴ በታሪክ ክፍል ስለ ጽሑፍ ምስክሮች ከተማርነው የተለየ አይደለም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን። መጀመሪያ ቪፒኤኑን አጥፍተን አንድ ተራ ገጽ እንከፍታለን፤ ካልተከፈተ ምርመራው ከቤት ወጥቶ ወደ መስመሩ ይሄዳል። ከተከፈተ ኮምፒውተሩን ሳንነካ መስመሩን እንለውጣለን፤ ይኸውም ከሌላው ኩባንያ ስልክ ሆትስፖት እንከፍታለን። ቀጥለን መስመሩን ሳንነካ ኮምፒውተሩን እንለውጣለን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ በምን እንደተሳካለት አያውቅም።

ማኅበራዊ መገናኛዎቹ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. አካባቢ ያለ ቪፒኤን ተከፈቱ። ያን ዕለት ማታ ጎረቤታችን የነጻውን ፕሮግራም ጨርሶ እንድናወጣላቸው ጠሩን፤ አወጣነው። ስለ እነዚህ ነገሮች በየቤቱ የተጻፈ ማስረጃ ባለመኖሩ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መስመሩን፣ የታየውን ቃልና የተገኘውን ምክንያት የምንጽፍበት ደብተር በዚያው ምሽት ከፈትን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእትዬን ነገር አሰፈርን፤ «ተዘግቷል» ያልነውንም ሳንሰርዝ ትተነዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መዝገብ እንዲህ ይላል፤ «ነሐሴ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ። መልስ የለም። ኮምፒውተሩ ከተሠራበት ዓመት ላይ ቆሟል። ባትሪ ተለወጠ፤ ቀኑ ተስተካከለ፤ ተገናኘ።»